የአያቶቻችን የበዓል ዓመት ጎደሎ አልነበረም

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ። የአይሁድን በዓላት ከአዲስ ዓመቱ ከሮሽ ሀሻና ጀምሮ በቅደም ተከተል የሚያስረዳ፣ በአማርኛ የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ከሥሩ «አክስቴ፣ ስለ እኛ የተጻፈው እውነት ነው እንዴ?» ብላ ጨምራበታለች። ልጅቷ ተወልዳ ያደገችው እስራኤል ውስጥ ረሖቦት ነው፤ የጎንደሯን አምቦበርን የምታውቀው ከእኔና ከእናቷ አፍ ብቻ ነው። በስልክ የመለስኩላት መልስ ለራሴም አልበቃኝም። ጽሑፉን ያነበቡ ሌሎች ልጆችም ይኖራሉና ምላሼን በዝርዝር ጻፍኩት።

የጽሑፉ የመጀመሪያ ግማሽ መልካም ነው። ሾፋር (ቀንደ መለከቱ) ለምን እንደሚነፋ፣ ሱካ (ዳሱ) እንዴት እንደሚሠራ፣ ሐኑካ ለምን ስምንት ሌሊት እንደሚበራ ጥርት አድርጎ ያስረዳል፤ እኔም የተማርኩበት ቦታ አለ። መንገዱን የሚስተው እኛ የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ቤተ እስራኤል፣ ላይ ሲደርስ ነው። ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ፦ አያቶቻችሁ ሐኑካንና ፑሪምን (የአስቴርን በዓል) ስላላወቁ የበዓል ዓመታቸው ጎደሎ ነበር፤ የዓመት መጀመሪያቸውና የማእረር (የመከር በዓል) ቀናቸው የተሳሳተ ነበር፤ ፋሲካቸው ሀጋዳ (የዘፀአት ታሪክ የሚነበብበት መጽሐፍ) ስለሌለው ሴዴር (የፋሲካ ሌሊት የማዕድ ሥርዓት) ሊባል አይችልም፤ ስግድ (በተራራ ላይ የምናከብረው የጾምና የጸሎት በዓል) ደግሞ ከክርስቲያኖች፣ በተለይም ከኅዳር ጽዮን፣ የተቀዳ ነው፤ ዛሬም የባህል ትርኢት ስለሆነ ከሃይማኖት በዓላት ተራ ቢወጣ ይሻላል። እነዚህን አንድ በአንድ ላንሳቸው።

ከሐኑካ ልጀምር። አያቶቻችን ሐኑካን አያውቁም ነበር፤ ይህ እውነት ነው። አያቴ ቃሉን ሳትሰማ ነው ያረፈችው። ግን ሐኑካ በኦሪት የለም። በዓሉ የሚዘክረው ከክርስትና ዘመን በፊት በ164 ዓመት መቃብያን ቤተ መቅደሱን መልሰው የቀደሱበትን ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ200 አካባቢ የተጠናቀረው የረቢዎች የሕግ መጽሐፍ ሚሽና እንኳ ለፑሪም ራሱን የቻለ ክፍል ሲሰጥ ለሐኑካ አልሰጠም። የአይሁድ የበዓል ዓመት በአንድ ቀን ተሠርቶ ያለቀ ዕቃ አይደለም፤ ትውልድ ያየውን መከራና ያገኘውን መዳን እየጨመረበት የመጣ ነው። ጸሐፊው ራሳቸው ከዘረዘሯቸው ቀናት ውስጥ የእስራኤል የነጻነት ቀን በሕግ የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው፤ የሾአ (የናዚ እልቂት) መታሰቢያ በፋሲካው ወር በኒሳን 27 ላይ እንዲውል የእስራኤል ፓርላማ ክኔሴት የወሰነው በ1951 ነው፤ የኢየሩሳሌም ቀን የመጣው ከ1967ቱ ጦርነት በኋላ ነው። በ1900 ቪልና ውስጥ ይኖር የነበረ አይሁዳዊ እነዚህን ሳያከብር ሞተ፤ ዓመቱ ጎደሎ ነበር የሚለው ግን የለም። እኛ ላይ ሲደርስ ሚዛኑ ለምን ይለወጣል?

ስለ ኢየሩሳሌም ቀን አንድ ነገር ልጨምር፣ ጽሑፉ ዘሎታልና። በዓሉ የሚውልበት ኢያር 28 ለእኛ የሐዘን ቀን ነው። በሱዳን በኩል ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዙ በመንገድና በመጠለያ ያለቁት ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን በሄርዝል ተራራ የሚታሰቡት በዚያ ቀን ነው። የእናቴ ወንድም ከእነሱ አንዱ ነው፤ መቃብሩን የሚያውቅ የለም። የአይሁድን ዓመት ለአማርኛ አንባቢ የሚዘረዝር ሰው ይህን ባይዘል ኖሮ ደስ ባለኝ።

በፑሪም ጉዳይ ብዙ አልቆይም። የፑሪም ፌሽታ፣ ጭምብልና ጩኸት አልነበረንም። ጾመ አስቴር ግን ነበረን። መጽሐፈ አስቴርን ያነበበ ሰው አስቴር ከሁሉ አስቀድማ ሕዝቡን ያዘዘችው ጾም መሆኑን ያውቃል።

ሁለተኛው ነጥብ የዓመት መጀመሪያና የማእረር ነገር ነው። ጸሐፊው «አይሁድ አዲስ ዓመታቸው በመስከረም አካባቢ ነው፣ ቤተ እስራኤል ግን በኒሳን ጀመሩ» ብለው እንደ ስህተት ያቀርቡታል። ኦሪት ዘፀአት 12 ከግብፅ የተወጣበትን ወር የወሮች ሁሉ መጀመሪያ አድርጉት ይላል። እኛም ያንኑ ነው የያዝነው። የሰባተኛውን ወር መባቻ «ብርሃን ሠረቀ» ብለን፣ የአብርሃምንና የይስሐቅን ነገር እያሰብን እናከብር ነበር፤ ወሩን ግን ሰባተኛ ነው የምንለው፣ ኦሪት ሰባተኛ ስለሚለው። ረቢዎቹም ቢሆኑ አንድ አዲስ ዓመት ብቻ አልነበራቸውም። ሚሽና አራት ይቆጥራል፤ ከአራቱ የመጀመሪያው ኒሳን 1 ነው።

ማእረር ግን ጊዜ ልወስድበት የምፈልገው ጉዳይ ነው። በዕብራይስጥ ሻቩዖት የሚባለው በዓል በእስራኤል በሦስተኛው ወር በሲቫን 6 ይውላል፤ በአያቶቻችን ግን በዚያው ወር በ12ኛው ቀን ነበር። ጸሐፊው «ስድስት ቀን ዘገዩ» ይላሉ። ዘግይተው አይደለም። ኦሪት ለዚህ በዓል የወር ቀን አልሰጠም፤ ኦሪት ዘሌዋውያን 23 የሚለው «ከሰንበት ማግስት» ጀምራችሁ ሃምሳ ቀን ቁጠሩ ነው። ሰንበት የተባለው የትኛው ቀን ነው? ፈሪሳውያንና ከእነሱ የመጡት ረቢዎች «የፋሲካው የመጀመሪያ ቀን» አሉና ከኒሳን 16 ቆጠሩ። ሰዱቃውያን፣ ከብዙ ዘመን በኋላም የረቢዎችን ትውፊት ያልተቀበሉት ቀራዓውያን፣ «የሳምንቱ ሰንበት ነው» ብለው ሁልጊዜ ከእሑድ ቆጠሩ። የእኛ ቀሳውስት «የበዓሉ የመጨረሻ ቀን ነው» ብለው ሰባቱ ቀን ሲያልቅ ከኒሳን 22 ጀመሩ። ቁጠሩት፦ ከኒሳን ዘጠኝ ቀን፣ ከኢያር ሃያ ዘጠኝ፣ ከሲቫን አሥራ ሁለት፣ ድምሩ ሃምሳ። ሂሳቡ አልተሳሳተም፤ ንባቡ ነው የተለየው። በዚህ አንድ ቃል ላይ ቤተ መቅደሱ ቆሞ ሳለ ጀምሮ በይሁዳ ምድር ራሷ ሲከራከሩበት ኖረዋል።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያላዩት ነገር አለ። ማእረር መከር ማለት ነው። ሦስተኛው ወር በጎንደር በግንቦት መጨረሻና በሰኔ አካባቢ ይውላል፤ ገበሬው በሬውን ጠምዶ የሚያርስበት፣ ጎተራው የሚሟጠጥበት ጊዜ ነው። አባቶቻችን ማሳቸው ባዶ ሆኖ፣ ዝናቡ እየመጣ፣ የይሁዳን የስንዴ መከር ያከብሩ ነበር። ይህ ከጎረቤት የተቀዳ ሊሆን አይችልም፤ ከጎረቤት ቢቀዱ እንደ ክርስቲያኖቹ ጰራቅሊጦስ እሑድ ላይ በወደቀ ነበር። ከአገራቸው እርሻም አልመጣም። የመጣው ከመጽሐፍ ነው፤ አይተውት የማያውቁትን አገር ወቅት ተሸክመው ኖሩ።

ከዓመታት በኋላ ወረቀት ይዤ ያሰላሁትን ልንገራችሁ። እኔ የመጣሁት በዘመቻ ሰሎሞን ነው፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 24 እና 25፣ 1991። በሠላሳ ስድስት ሰዓት ከ14,000 በላይ ሰው የተጓጓዘበት ያ ዓርብና ቅዳሜ በዕብራውያን አቆጣጠር ሲቫን 11 እና 12 ነበር። እስራኤል ሻቩዖቷን አክብራ ከጨረሰች ስድስት ቀን ሆኗታል። በአያቶቻችን ቁጥር ግን ያ ሰንበት ማእረር ነበር። አውሮፕላኑ ውስጥ ወለሉ ላይ ተቀምጠን ይህን ያስታወሰን አልነበረም፤ ሁሉም ልጁን ነበር የሚቆጥረው።

ፋሲካ። ጸሐፊው «ሀጋዳ የለም፣ አራት ጽዋ የለም፣ ስለዚህ ሴዴር የለም» ይላሉ። ሴዴር አልነበረንም፤ ትክክል ናቸው። የነበረንስ? በ14ኛው ቀን ማምሻውን በመስጊዱ (ጸሎት ቤታችንን እንዲህ ነበር የምንጠራው) ግቢ በግ ይታረድ ነበር። ሴዴር የዛሬውን መልክ የያዘው ቤተ መቅደሱ እ.ኤ.አ. በ70 ፈርሶ መሥዋዕቱ ከቀረ በኋላ ነው፤ በጉ ሲቀር ታሪኩ፣ ጽዋውና ማዕዱ በቦታው ተተኩ። በእኛ ዘንድ በጉ አልቀረም ነበር። መሥዋዕቱ እየቀነሰ የሄደው በ20ኛው መቶ ዓመት ከውጭ አይሁድ ጋር ግንኙነቱ ሲጠብቅ ነው፤ ለዚህ ግንኙነት በር የከፈተው አይሁዳዊው ምሁር ዣክ ፋይትሎቪች መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1904 ነው። እንግዲህ አንዱ ማኅበረሰብ የኦሪቱን በግ ይዞ ሀጋዳውን አላወቀም፣ ሌላው ሀጋዳውን ይዞ በጉን ተወ። ማንኛው ነው ጎደሎ የሚባለው?

ቤታችን የነበረውን ደግሞ ላስታውስ። እናቴ ከፋሲካ በፊት የቡሆ ዕቃዋን በሙሉ ታወጣ ነበር፤ አሮጌው ሸክላ ይሰበራል፣ አዲስ ይገባል። ሸክላ ሠሪዎቹ እኛው ነበርንና ለዚያ ሳምንት የተሠራ ማድጋና ምጣድ በየቤቱ ነበር። ቂጣው የሚጋገረው ለዕለቱ ነው፤ ሊጥ አያድርም። እርሾ የነካው ቀርቶ ኮምጣጣ የሚሸት ነገር ቤት አይገባም። የሽምብራ ቆሎ ኪሳችን ሙሉ ይሆናል። እዚህ አገር መጥቼ አሽከናዚዎቹ በፔሳሕ ሽምብራ እንደማይበሉ፣ ሩዝም እንደማይቀምሱ፣ ስፋራዲዎቹ ግን እንደሚበሉ ሳይ ገረመኝ፤ አንዱ ሌላውን ግን ጎደሎ አይለውም። ኒው ዮርክ ያለው አይሁዳዊ ሁለት ሌሊት ሴዴር ይቀመጣል፣ ኢየሩሳሌም ያለው አንድ። ፑሪም በቴል አቪቭ አዳር 14 ነው፣ በኢየሩሳሌም አዳር 15። ከሞሮኮ የመጡት ፋሲካ ሲያልቅ ሚሙናን ያከብራሉ፤ ሌላው አይሁድ አያውቀውም ነበር፣ ዛሬ አገሩ ሁሉ የሚሙናውን ምግብ ሙፍሌታን ይበላል። ጸሐፊው ይህን ልዩነት በጽሑፋቸው መጀመሪያ ላይ ራሳቸው «ውበት» ብለውታል። ሁለት ገጽ ካለፈ በኋላ የእኛው ልዩነት «ጉድለት» ሆነ።

አሁን ወደ ስግድ ልምጣ። ለዚህ ጽሑፍ ያስነሳኝ እሱ ነው።

ጸሐፊው ስግድ ከኅዳር ጽዮን የተቀዳ ነው ሲሉ ማስረጃቸው ሁለት ነው፦ ወቅቱ መቀራረቡና ሁለቱም ከኦሪት ጋር መያያዛቸው። ወቅቱን እንይ። ኅዳር ጽዮን በየዓመቱ ኅዳር 21 ነው፤ በፀሐይ አቆጣጠር የታሰረ ነው። ስግድ በስምንተኛው ወር በ29ኛው ቀን፣ ከአስተሰርዮ (ከስርየት ቀን) ሲቆጠር በሃምሳኛው ቀን ነው፤ በጨረቃ ይሄዳል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት 25 ዋለ፣ በ2015 ዓ.ም. ኅዳር 14። ቀጂ ቢሆን ኖሮ ቀኑን ይቀዳ ነበር። አቆጣጠሩም ራሱ ይናገራል፦ ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ተቆጥሮ ማእረር፣ ከአስተሰርዮ በኋላ ሃምሳ ቀን ተቆጥሮ ስግድ። አንዱ የሌላው ጥንድ ነው።

ይዘቱስ? ከእኛ መንደር አምቦበር የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ዋዜማውን እንደርሳለን። ጠዋት ወንዝ ወርደን ታጥበን ነጭ እንለብሳለን። ቀሳውስቱ ኦሪቱን ይዘው፣ ጥላ ተይዞላቸው፣ ከፊት ወደ ተራራው ይወጣሉ፤ ሕዝቡ በጾም ይከተላል። ድንጋይ በራሱ ወይም በትከሻው ተሸክሞ የሚወጣ ሽማግሌ አይቻለሁ፣ ለፈጣሪ ዝቅ ማለቱ ነው። ላይ ሲደረስ የሲና ቃል ኪዳን የተሰጠበት ክፍል ይነበባል፤ ከዚያም ነህምያ፣ ምርኮኞቹ ተመልሰው ጾመው፣ ማቅ ለብሰው፣ ትቢያ ነስንሰው የአባቶቻቸውን ኃጢአት የተናዘዙበት ምዕራፍ። በግዕዝ ተነቦ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተረጎማል። ይሰገዳል። አንዳንዶች ስግድ ሳይሆን «ምህላ» ነው የሚሉት። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ወርደን ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ዘፈኑ ይጀምራል። ይህ የነህምያ ቀን ነው፤ የታቦት ማኅበር አይደለም። በምዕራፉ ያለው ሁሉ በተራራው አለ፦ ጾሙ፣ ንባቡ፣ ኑዛዜው፣ የቃል ኪዳኑ መታደስ።

ጸሐፊው የሙዚቃ ተመራማሪዋን ኬይ ሸለሜይን ይጠቅሳሉ፤ የቤተ እስራኤል ጸሎትና ዜማ ከኢትዮጵያ ክርስቲያን ገዳማት ብዙ እንደወሰደ ጽፋለችና። በዚህ ላይ ከእሳቸው ጋር ጠብ የለኝም። ጸሎታችን በግዕዝ ነው። መነኮሳት ነበሩን፤ በአይሁድ ዘንድ ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር ነው። ካህናችንን ቄስ እንላለን። በየወሩ 10፣ 12 እና 15 ቀኖችን የአስተሰርዮ፣ የማእረር፣ የፋሲካና የመጸለት (የዳስ በዓል) መታሰቢያ አድርገን መያዛችን ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በየወሩ ቅዱሳንን ከሚያስቡበት ልማድ ጋር እንደሚመሳሰል ማንም ያየዋል። አንድ ተራራ፣ አንድ ገበያ፣ አንድ ቋንቋ የተጋራ ሕዝብ መልክ ይዋዋሳል።

ውሰት ግን ወደ አንድ ወገን ብቻ አልሄደም። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጾምና በዓል የምታወጣበት ባሕረ ሐሳብ «መጥቅዕ» የሚባል ቁጥር አለው፤ ከአበቅቴ ጋር ሲደመር ሠላሳ የሚሞላው። መጥቅዕ ቀንደ መለከት ነው። በዓለ መጥቅዕ የሚባለው የአይሁድ የሰባተኛ ወር መባቻ፣ የመለከቱ ቀን ነው። ሊቃውንቱ የክርስቲያኑን ፋሲካ ለማግኘት በየዓመቱ መጀመሪያ የአይሁድን በዓል ያሰላሉ። የቅዳሜ ሰንበትም እንዲሁ ነው፤ የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ስለ እሷ ተሰደዋል፣ እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አፄ ዘርዐ ያዕቆብ አጸናት። መጽሐፈ ኩፋሌን ተመልከቱ፤ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ ግን ቁራጮቹ በዕብራይስጥ በሙት ባሕር ዳር ካሉት የቁምራን ዋሻዎች ወጡ። በዚህች አገር ኦሪትና ወንጌል እንዲህ ተጠላልፈው ሳለ ክሩን በአንድ አቅጣጫ ብቻ መዝዞ «ይህ ከዚያ ተቀዳ» ማለት ይከብዳል። ጸሐፊው ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሱት።

የቀረው የመጨረሻው ነጥብ ነው፤ ስግድ ትርኢት ሆኗል፣ ከሃይማኖት በዓላት ይውጣ የሚለው። ክኔሴት ስግድን ብሔራዊ በዓል ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ሠራተኛ ከፈለገ ፈቃድ የሚወስድበት ቀን ሆነ፤ ሕዝቡም በኢየሩሳሌም አርሞን ሀናጺቭ ኮረብታ ላይ ከተማዋን እያየ ይሰበሰባል። ይህን ለማግኘት ብዙ ተለፍቷል። እ.ኤ.አ. በ1985 ወገኖቻችን አይሁድነታቸው ስለተጠረጠረ በበዓላቱ ሰሞን በኢየሩሳሌም ከዋናው ረቢ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ለአንድ ወር ያህል መንገድ ላይ ተቀምጠዋል። የዚያ ዓመት አስተሰርዮና መጸለት ለብዙዎቻችን ያ የእግረኛ መንገድ ነው።

ግን ጸሐፊው ያዩት ነገር ውሸት ነው አልልም። የባለሥልጣን ንግግር ይበዛል። ድምፅ ማጉያው ቀሳውስቱን ይውጣቸዋል። ወጣቶች ጾም ሳይዙ መጥተው ከሩቅ ቆመው ያወራሉ። የእህቴ ልጅ የተማረችበት አንድ ትምህርት ቤት ስግድ ማለት የሐበሻ ቀሚስ ለብሶ መምጣት፣ ቡና ማፍላትና እንጀራ ማቅመስ ነበር፤ ነህምያ የሚለው ስም በዚያ ቀን አልተነሳም። መምህሯ ደግሞ «በኢትዮጵያ ሐኑካ ስላልነበራችሁ ይሄን አደረጋችሁ?» ብላ ጠይቃታለች፤ ልጅቷ የምትመልሰው አጥታ ቤት መጥታ አለቀሰች። ይህ ሁሉ ያመኛል። መድኃኒቱ በዓሉን ማውጣት ሳይሆን ጾሙንና ንባቡን መመለስ ነው። ግዕዙን የሚያነቡት ቀሳውስት እየሸመገሉ ነው፤ በተራራው ላይ የሚነበበው በዕብራይስጥ ተጽፎ በልጆቹ እጅ ካልገባ የሚቀረው ጃንጥላው ብቻ ይሆናል። ጸሐፊው ስለዚህ ቢጽፉ ከጎናቸው እቆማለሁ።

ለእህቴ ልጅ የመለስኩላት እንዲህ ነው። በሚመጣው ስግድ፣ ሔሽቫን 29፣ አብረን እንሄዳለን። ሌሊቱን ሳይነጋ እንነሳለን፣ ነጭ እንለብሳለን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አንቀምስም። ነህምያ ምዕራፍ 9ን ዕብራይስጡን አትሜ ሰጥቻታለሁ፤ ቄሱ በግዕዝ ሲያነቡ በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። «ምን ልያዝ?» አለችኝ። ዳቦውን እኔ እጋግራለሁ፤ አንቺ ወረቀቱን ያዢ አልኳት።